ኬክ በጠዋት ነው፦ ቦሌ አዲስ የተከፈተ ኬክ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ያየሁት

ቦሌ አዲስ ኬክ ቤት መከፈቱን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ፎቶውን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ረጅም የመስታወት መደርደሪያ፣ ነጭ እብነ በረድ፣ በመስመር የተደረደረ ክሩዋሳን የሚባለው የፈረንሳይ የቅቤ ቂጣ፣ የወርቅ ቅጠል ጣል የተደረገባቸው ትንንሽ ኬኮች። ዋጋውንም ነገረችኝ። አንዷ ክሩዋሳን 240 ብር።

እውነቱን ለመናገር ለራሴ ብቻ ቢሆን አልሄድም ነበር። ግን እማዬ ኬክ ትወዳለች። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበር። 55 ቀን ጾማ ወተትም እንቁላልም ቅቤም አፏ ሳይገባ ቆይታለች። አንድ ቀን ደህና ቦታ ይዤያት ልውጣ አልኩ።

ሁለት ጊዜ ሄድን። የመጀመሪያው ቀን ከፍለን ሳንደሰት ተመለስን። ሁለተኛው ቀን እስካሁን ቤት ውስጥ ይወራል። ቤቱ ያው ነው፣ ጋጋሪዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው የሄድንበት ሰዓትና ያዘዝነው ነገር ነው። ይህን የምጽፈው እንደኛ አንድ ጊዜ አውጥቶ መቅመስ ለሚፈልግ፣ ያወጣው ብርም እንዳይቆጨው ለሚፈልግ ሰው ነው። የቤቱን ስም አልጠቅስም። ገና አዲስ ነው፣ ቅሬታዬም የአንድ ቀን ቅሬታ ነው። ደግሞ የምለው ነገር ሳርቤትም ይከፈት ሲኤምሲ፣ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ሁሉ ይሠራል።

የመጀመሪያ ቀን ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደረስን። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሃያ ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ወንበር ስናገኝ እኔ ተቻኩዬ መደርደሪያው ጋ ሄድኩና በጣቴ እያመለከትኩ አዘዝኩ። ሁለት ክሩዋሳን፣ አንድ የፒስታቺዮ ታርት፣ ሁለት ማኪያቶ። ምንም አልጠየቅሁም። ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበር መጠየቅ ከበደኝ።

ክሩዋሳኑ ቀዝቃዛ ነበር። ሲጎርሱት አይንኮሻኮሽም፣ እንደ ዳቦ ይለጠጣል። ከሥሩ እርጥበት ቋጥሯል። የታርቱ ክሬም ጥሩ ነው፣ ግን ቂጣው ክሬሙን ጠጥቶ ልሟል። ማኪያቶው ግሩም ነበር፣ እሱን አልክድም።

ሒሳብ መጣ። ዝርዝሩ ላይ ያየሁት ዋጋ ሲደመር 1,100 ብር ነው። ደረሰኙ ግን 1,265 ይላል። በዝርዝሩ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ዋጋው ቫትን አይጨምርም ተብሎ ተጽፏል፣ እኔ አላየሁትም። 15 በመቶ ሲጨመር 165 ብር ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርና ቫቱን በዚያ ላይ ያሰላል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ያው 1,100 ብር 1,391 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት «ዋጋው ቫትን ያካትታል?» በሉ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

እማዬ እዚያ እያለን ምንም አላለችም። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ነው ቀስ ብላ «ልጄ፣ ኬክ እኮ በጠዋት ነው» ያለችኝ።

እማዬ በወጣትነቷ ፒያሳ አካባቢ ትሠራ ነበር። ደመወዝ ስትቀበል ኤንሪኮ የሚባለው ኬክ ቤት ትሄድ ነበር። ኤንሪኮን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሚሊፎሊው የታወቀ ነበር። ሚሊፎሊ በጣልያንኛ ሺህ ቅጠል ማለት ነው፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ቂጣ ተደራርቦ በመሀሉ ክሬም የሚገባበት። እማዬ እንደምትለው ማለዳ የደረሰ ይበላል፣ የዘገየ ባዶ ትሪ አይቶ ይመለሳል። ሻጮቹም ትሪው ባዶ ሆነ ብለው አያፍሩም ነበር። ያለቀ ነገር አልቋል። ማታ ድረስ ሙሉ የሚሆን መደርደሪያ እሷን ያሳስባታል። «ጠዋት የተጋገረ ነው ወይስ ትናንት? በምን አውቃለሁ?» ትላለች።

ይህ ነገር በአእምሮዬ ሲመላለስ ሰነበተና ሰኞ ዕለት ስልክ ደወልኩ። ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ክሩዋሳኑ ከምድጃ የሚወጣው ስንት ሰዓት ነው? የምትጠቀሙት ቅቤ ነው ወይስ ማርጋሪን? ሰው የማይበዛበት ቀን የትኛው ነው? ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሳትሰለች መለሰችልኝ። የመጀመሪያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ይወጣል፣ ሁለተኛው 4 ሰዓት ላይ። ከዚያ በኋላ አይጋገርም። ቅቤ ነው፣ ከጾሙ በቀር ማርጋሪን አንነካም አለች። ረቡዕ ጠዋት ጭር ይላል አለች።

በዚያ ስልክ ብቻ የቅዳሜው ነገር ተገለጠልኝ። እኛ 10 ሰዓት ላይ የበላነው ክሩዋሳን ቢያንስ 6 ሰዓት የቆየ ነው። ቅቤ ያለበት ቂጣ ስድስት ሰዓት አየር ላይ ሲቆይ እርጥበት ይስባል፣ ይለሰልሳል። ማንም አላታለለን። ግን ሙሉ ዋጋ ከፍለን የነገሩን ግማሽ ነው የበላነው።

ረቡዕ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ከፍተን ገባን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረቡዕ ስለሆነ እማዬ አትበላም። ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ናቸው። በዓለ ሃምሳ ለጾመኛ ቤተሰብ ጥሩ ዕድል ነው። ሰው የሚበዛበትን ቅዳሜና እሑድ ትቶ በሥራ ቀን ማለዳ መሄድ ይቻላል።

በሩ ላይ ሽታው ተቀበለን። የቅቤና የተጠበሰ ስንዴ ሽታ ነው። ቅዳሜ የሸተተን የቡናና የሽቶ ሽታ ነበር። አራት ሰው ብቻ ነው ያለው። አንዲት ልጅ መጥታ «እማማ እዚህ ይቀመጡ፣ ፀሐይ አለው» ብላ እማዬን መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። እማዬ «ተባረኪ የኔ ልጅ» አለቻት። እኔ በዚያች ቅጽበት ቅዳሜ የቆምንበትን ሃያ ደቂቃ ረሳሁት።

ጋጋሪው ትሪ ይዞ ከኋላ ብቅ አለ። እማዬ ጠራችው። «የኔ ልጅ፣ ይሄን ያህል የሚያስወድደው ምንድን ነው?» ብላ በግልጽ ጠየቀችው። እኔ ደንግጬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ። ትሪውን አስቀምጦ በእጁ እያሳየ አስረዳን።

ሊጡ ተዳምጦ ይዘረጋል። ቀዝቃዛ ቅቤ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ በመሀሉ ይገባል። ከዚያ ይዳመጥና ሦስት ቦታ ይታጠፋል። ይቀዘቅዛል። እንደገና ይዳመጣል፣ ሦስት ቦታ ይታጠፋል። እንደገና ይቀዘቅዛል። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ሦስት በሦስት፣ ያም እንደገና በሦስት ሲባዛ 27 ነው፤ ስለዚህ 27 የቅቤ ሽፋን ይኖራል። ምድጃ ሲገባ በቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሽፋኖቹን ይለያያቸዋል። የሚንኮሻኮሸው ከዚያ ነው የሚመጣው። ቅቤው ሥራው ላይ እያለ ከቀለጠ ግን ሊጡ ይጠጣውና ሁሉም ነገር አንድ ይሆናል፣ ዳቦ ይሆናል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ስንት ሊጥ እንደሚበላሽባቸው ነገረን። ከማቡካት እስከ መጋገር ሁለት ሌሊት ይፈጅባቸዋል። ዛሬ የበላነው ሰኞ ማታ የተቦካ ነው።

ሌላም ያላሰብኩትን ነገር ነገረን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ከውጭ ይዞት የመጣው አሠራር እዚህ አልሠራ ብሎት ወራት እንደፈጀበት ነገረን። እርሾ ቀነሰ፣ ውሃ ጨመረ። ቤታችሁ ኬክ እየጋገራችሁ መሀሉ የሚሰምጥባችሁ ካላችሁ ይህን አስቡት። ከውጭ ቪዲዮ ላይ የተቀዳ የቤኪንግ ፓውደር መጠን ለአዲስ አበባ ይበዛል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀንሼ እየጋገርኩ ነው፣ ለውጡን አይቻለሁ።

እማዬ ክሩዋሳኗን በእጇ ቆረሰቻት። ድምፁ ተሰማኝ። ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ትንሽ ይተናል። ቅቤው አፍ ውስጥ ይጠፋል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ከዚያ «ይሄ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ ሁለተኛውን ቁራሽ አነሳች።

እውነተኛ ቅቤ መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው። ቅቤ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ስለሚቀልጥ ምላስ ላይ ይሟሟል። ለእንዲህ ዓይነት ቂጣ የሚሠራው ማርጋሪን ግን እንዳይቀልጥ ተብሎ የጠነከረ ነው። በልታችሁ ስትጨርሱ ላንቃችሁ ላይ እንደ ሻማ የሚለጠፍ ነገር ከቀረ፣ ቡናም ካላጠበው፣ ማርጋሪን ነው። ማርጋሪን መጠቀም ወንጀል አይደለም፣ የሰፈር ኬክ ቤት በማርጋሪን ቢሠራ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የቅቤ ዋጋ አስከፍሎ ማርጋሪን ማብላት ግን ተገቢ አይደለም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

ስታዩትም ይታወቃል። ጥሩ ክሩዋሳን ጠቆር ያለ ቡኒ ነው። ብዙ ሰው «አሯል» ብሎ ፈዛዛውን ይመርጣል። ባለፈው አጠገቤ የቆመች ሴትዮ እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ፣ ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ። ፈዛዛው ውስጡ ያልበሰለ ሊጥ ሊኖረው ይችላል። ጠቆር ያለውን ውሰዱ። በእጃችሁ ስትይዙት ከመጠኑ ይልቅ የሚቀል መሆን አለበት። ሥሩ በዘይት ከራሰ ቅቤው ሳይጋገር ቀልጦ ወጥቷል ማለት ነው።

የወርቅ ቅጠሉ ያለበትን ኬክም ቀመስነው፣ እህቴ አደራ ስላለችኝ። 520 ብር ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን ብዙው ዋጋ ለመልኩ ነው። ወርቁ ጣዕም የለውም። ለፎቶ ወይም ለአንድ ልዩ ቀን ከሆነ ይሁን። ለመብላት ከሆነ በ520 ብር ሁለት ክሩዋሳን ይገዛል። እንዲህ ዓይነት ቤት ስትሄዱ ብራችሁን ቅቤና ጊዜ የፈጀው ነገር ላይ አውሉት። ክሩዋሳን፣ ሚሊፎሊ፣ ኤክሌር፣ የሎሚ ታርት። ቦምቦሊኖና ክሬም የተቀባ ስፖንጅ ኬክ የሰፈራችንም ቤት አሳምሮ ይሠራዋል፣ በሩብ ዋጋ።

ታርት ስታዙ ክሬሙ መቼ እንደገባበት ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ቂጣውን ደረቁን አስቀምጦ ሲታዘዝ ይሞላልሃል። ቅዳሜ የለመሰሰብን ታርት ረቡዕ ተሞልቶ ሲመጣ ሌላ ነገር ሆነ። እኛ ሁለት ሰው ነን፣ አንድ ታርት ለሁለት ከበቂ በላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ እንጂ ጠዋት የማይመቻችሁ ብዙ ናችሁ። ለእናንተ አንድ ነገር አለ። የለውዝ ክሩዋሳን እዘዙ፣ የአልሞንድ የሚሉትን ማለቴ ነው። በፈረንሳይም ቢሆን ይህ የሚሠራው ከትናንት በተረፈ ክሩዋሳን ነው። ስኳር ውሃ ይጠጣል፣ የአልሞንድ ክሬም ይገባበታል፣ እንደገና ይጋገራል። ጋጋሪው ራሱ በግልጽ ነገረን። የድሮ ቂጣ ይሻለዋል፣ ትኩሱ ስኳሩን መሸከም አይችልም። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ብትሄዱም እሱ አይጎዳም። ወይም ደግሞ «ትንሽ ምድጃ ውስጥ መልሳችሁ አሙቁልኝ» በሉ። ማይክሮዌቭ ከሆነ አይሆንም በሉ፣ ጎማ ያደርገዋል።

የጾም ነገርስ? የጾም ኬክ አላቸው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ይጨምሩታል። የጾም ክሩዋሳንም አለ፣ ግን በማርጋሪን ነው፣ ዋጋው ደግሞ ብዙም አይቀንስም። እኔ ያንን አልመክርም። የክሩዋሳን ነገሩ ሁሉ ቅቤው ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ፎካቻ ጠይቁ። የጣልያን ጠፍጣፋ ዳቦ ነው፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾና የወይራ ዘይት። ከመሠረቱ ጾም ስለሆነ ምንም አይጎድለውም። ላዩ ላይ አይብ አለመኖሩን ብቻ አረጋግጡ።

ለቤትም ይዘን ሄድን፣ ለእህቴና ለልጆቿ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርቶኑን ጭናችሁ ላይ አታድርጉ፣ ጭን ያዘነብላል፣ ያሞቃልም። መኪና ከሆነ እግር ሥር ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ሚኒባስ ታክሲ ከሆነ ክሬም ያለበትን ነገር ይቅርባችሁ፣ ደረቅ ደረቁን ያዙ። ክሬም ያለበት ቤት እንደደረሰ ፍሪጅ ይግባ፣ በዚያው ቀን ይበላ። ክሩዋሳን ግን ፍሪጅ አይገባም። ዳቦም እንደዚሁ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ውጭ ካለው ቶሎ ይደርቃል። ለነገ ከሆነ በወረቀት ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ለሳምንት ከሆነ በረዶ ቤቱ ውስጥ።

ምድጃ ያለው 160 ዲግሪ ላይ አምስት ደቂቃ ያሙቀው። የሌለው ደግሞ እንደኛ ያድርግ። ወፍራም መጥበሻ በትንሽ እሳት ጥዶ፣ ያለ ዘይት ክሩዋሳኑን አስቀምጦ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ሦስት ደቂቃ። ክዳኑ ከተዘጋ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። አገላብጡና አንድ ደቂቃ ጨምሩ። እንደ ማለዳው ባይሆንም ላዩ ይንኮሻኮሻል።

እህቴ የልጇን ልደት ኬክ እዚያ ማዘዝ አማራት። ጠይቀን ነበር፣ ከሦስት ቀን በፊት ማዘዝና ግማሹን ቀብድ መክፈል ያስፈልጋል። ክሬሙ የወተት ነው ወይስ የዱቄት ክሬም ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጣዕሙም ዋጋውም ይለያያል። የወተቱ ሙቀት አይችልም፤ ድግሱ ግቢ ውስጥ በድንኳን ከሆነ እስኪቆረስ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ስሙን ደግሞ በአማርኛ የምታጽፉ ከሆነ በስልክ አትናገሩ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፎቶውን ላኩላቸው። «ሀ»ውና «ሐ»ው ከተምታታ ስሕተቱ ልጁ ካደገ በኋላም ፎቶው ላይ ይቀራል።

የረቡዕ ሒሳባችን ለእዚያው ለተቀመጥንበት ብቻ ወደ 1,400 ብር ገባ። ብዙ ብር ነው። በየሳምንቱ የምንሄድበት ቤት አይደለም። እማዬ ግን ስንወጣ ጋጋሪውን ፈልጋ «እጅህ ይባረክ» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አመሰገናት። በር ላይ ቆማ ቀን በጣቷ ቆጠረች። ጰራቅሊጦስ ሳይገባ፣ የሰኔ ጾም ሳይያዝ ገና ስንት ረቡዕ እንዳለ እያሰበች ነበር። «አምስት ይቀረናል» አለችኝ። «አንዱን እንመጣለን። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ።»